ፊርማ ያለው፣ ስም የሌለው፤ ስለ አንድ ጥቁር ሰው የድንጋይ ምስል አመጣጥ

በሎስ አንጀለስ ከተማ በጌቲ ቤተ መዘክር ውስጥ ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ የአንድ ሰው ምስል ይገኛል። የተሠራው ከራሱ እስከ ደረቱ ያለው ብቻ ሲሆን፣ የቆመው ከቢጫ የሲዬና እብነ በረድ በተበጀ እግር ላይ ነው፤ ቁመቱ ከነመቆሚያው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰውየው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ጠጉሩ አጭርና ጥቅልል፣ አንገቱ ደንዳና፣ ትከሻውና ደረቱ ራቁት ነው። ራሱን ቀና አድርጎ ይዟል። በግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። በምስሉ ጠርዝ ላይ በላቲን ፊደል «ኤፍ. ሃርዉድ ሠራው፤ 1758» ተብሎ ተጽፏል። ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድን የጥበብ ሥራ አመጣጥ ለሚመረምር ሰው ፊርማንና ዘመንን በአንድነት ከማግኘት የሚበልጥ ዕድል የለም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተረፉት የድንጋይ ምስሎች ፊርማ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የማን ሥራ እንደ ሆኑ የሚለየው በመሮው አያያዝ፣ በዓይን ብሌኑ አሠራር፣ በልብሱ እጥፋት፣ ወይም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፉ በተጻፈ የንብረት ዝርዝር ነው። ይህኛው ግን ሠሪውም ዘመኑም በራሱ ላይ ተጽፎ ተገኘ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ካርዱ ይሞላል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ይሁን እንጂ የአንድን ሰው መልክ የሚያሳይ ምስል ሁለት ባለቤቶች አሉት፤ አንዱ የቀረጸው እጅ፣ ሌላው የተቀረጸው ፊት ነው። ፊርማው የመሰከረው ለእጁ ብቻ ነው። ስለ ፊቱ የተነገረው ሁሉ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ የመጣበትም መንገድ እንደ ፊርማው የጠራ አይደለም።

ለብዙ ጊዜ የቆየው ትውፊት እንዲህ ይላል፤ ሰውየው ፕሲኬ ይባል ነበር፤ እንግሊዞች «ሳይኪ» ብለው ይጠሩታል። የኖርዘምበርላንድ የመጀመሪያው ዱክ የሂዩ ፐርሲ አገልጋይ፣ በሰውነቱም ጥንካሬ የታወቀ አትሌት ነበር። ይህ ቃል በመጻሕፍትና በመግለጫዎች ተደጋግሞ ስለ ሰፈረ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ የሚቀበለው አንባቢ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ትውፊቱ ከፊርማው ጋር ሲተያይ ይጸናል ወይስ ይናጋል የሚለው መታየት አለበት፤ ለዚህም አስቀድሞ ሃርዉድ ማን እንደ ነበረና በ1758 የት ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል።

ፍራንሲስ ሃርዉድ በትውልዱ እንግሊዛዊ ቢሆንም የሙያ ዘመኑን ያሳለፈው በጣልያን አገር ነው። በ1752 ሮም ውስጥ ከሠዓሊው ከጆሹዋ ሬይኖልድስና ከቀራጺው ከሳይመን ቪርፒል ጋር በአንድ ቤት ተቀምጦ ነበር። ሬይኖልድስ ወደ አገሩ ተመልሶ በለንደን ስሙ የገነነ ሠዓሊ ሆነ፤ ሃርዉድ ግን ወደ ፍሎሬንስ ሄዶ በዚያው ቀረ። በመጀመሪያ የሠራው ከአገሩ ሰው ከጆሴፍ ዊልተን ጋር ነው። በ1755 የፍሎሬንስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በአባልነት ተቀበለው። ዊልተን በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፣ ሃርዉድ ከጣልያናዊው ከጆቫኒ ባቲስታ ፒያሞንቲኒ ጋር ሥራውን ቀጠለ። በ1758፣ ማለትም ጥቁሩ ምስል በተፈረመበት በዚያው ዓመት፣ ሁለቱ ሰዎች የከተማይቱን የሳን ጋሎ በር ጌጥ የሚያሟላ ሐውልት ለመሥራት ውል ገብተው ነበር። ሃርዉድ በ1783 እዚያው ፍሎሬንስ ውስጥ ሞተ። እንግዲህ ድንጋዩ ላይ ስሙን በጻፈበት ጊዜ ቀራጺው የነበረው በለንደን ሳይሆን በፍሎሬንስ ነው።

በዚያን ጊዜ ፍሎሬንስ ውስጥ ለአንድ እንግሊዛዊ ቀራጺ እንጀራ የሚወጣው ከምን እንደ ነበረ መናገር ያስፈልጋል። የሜዲቺ ቤት የመጨረሻ ወራሽ የነበረችው አና ማሪያ ሉዊዛ በ1737 ባደረገችው ስምምነት ቤተሰቡ ለብዙ ዘመን የሰበሰበው የጥበብ ሀብት ከከተማው እንዳይወጣ አስወስና ነበር። ሐውልቶቹ ሊወጡ ካልቻሉ ግልባጮቻቸው ሊወጡ ነው። ትምህርታቸውን በጉዞ ለማሟላት ወደ ጣልያን የሚወርዱት የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ በሆነው በሆራስ ማን ቤት ይስተናገዳሉ፤ በኡፊዚ አዳራሾች ይዞራሉ፤ ያዩትንም በእብነ በረድ አስገልብጠው ወደ ርስታቸው ይልካሉ። የሃርዉድ ገበያ ይህ ነበር። የሆሜርን፣ የቄሣሮችን፣ የጥንት ፈላስፎችን ራስ በደርዘን እየቀረጸ ይሸጥ ነበር። ምድጃ ማስጌጫም ይሠራ ነበር፤ አርክቴክቱ ጄምስ አዳም በ1761 የጎበኘው ስለዚሁ ሥራ ነበር። በብዛት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚሆንበት፣ ከሥራዎቹ መካከል ቀዝቃዛና ለእጅ ብቻ የተሠሩ የሚመስሉ አሉ። ጥቁሩ ሰው ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም። ፊርማው ባይኖርበት ኖሮ ይህን ምስል ለሃርዉድ ለመስጠት የሚደፍር ባለሙያ ብዙ አይገኝም ነበር፤ ምናልባት ለዊልተን፣ ወይም የተሻለ ስም ላለው ጣልያናዊ ይሰጥ ነበር። ፊርማ የመርማሪን ግምት የሚያርም ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ለቀራጺው ራሱ ከተሰጠው ግምት በላይ ክብር ይመልስለታል።

ድንጋዩ ራሱ ሌላ ምስክር ነው። በአሮጌ ዝርዝሮች እንዲህ ያለ ሥራ «ጥቁር እብነ በረድ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በንግድ ቋንቋ ሲወለወል የሚያበራ ድንጋይ ሁሉ እብነ በረድ ይባል ስለ ነበረ ነው። በትክክለኛ ስሙ ግን ጣልያኖች «ፒዬትራ ዳ ፓራጎኔ» የሚሉት፣ ማለትም የመፈተኛ ድንጋይ ነው። አንጥረኛ ወርቁን በዚህ ዓይነቱ ጥቁርና ልሙጥ ድንጋይ ላይ ፈግፍጎ፣ የቀረውን ጭረት አይቶ የወርቁን ጥራት ይለያል። ፍሎሬንስ ከ1588 ጀምሮ በመሳፍንቱ ወጪ የሚተዳደር የጠንካራ ድንጋይ ሥራ ቤት ነበራት፤ ከዚያ የሚወጡት በቀለማም ድንጋይ የተለበጡ ጠረጴዛዎችና ሣጥኖች መደባቸው ብዙ ጊዜ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ መቁረጥና መወልወል የሚያውቅ እጅ በከተማይቱ ሞልቶ ነበር። ነጭ እብነ በረድ ስሕተትን በመጠኑ ይሸፍናል፤ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ጥቁር ድንጋይ ግን መልክ የሚሰጠው ከላዩ በሚንሸራተት ብርሃን ብቻ ስለ ሆነ፣ የተሳሳተ የመሮ ምት ወዲያው ይታይበታል። የጉንጩ አጥንትና የደረቱ ጡንቻ በዚህ ምስል ላይ እንደዚያ ሆነው የሚነበቡት ሠራተኛው ይህን ስላወቀ ነው።

የድንጋዩም ምርጫ የዘመኑን ጣዕም ይናገራል። በ1736 ከሮም አጠገብ ከሐድሪያን ቪላ ፍርስራሽ ሁለት ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆኑ ጥንታዊ ሐውልቶች ከጥቁርማ እብነ በረድ ተሠርተው ተገኝተው ነበር፤ ጥቁር ድንጋይ የጥንት ሰዎች ክቡር ቁስ መሆኑ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነበር። የሰውየው ቆዳ ጥቁር ስለ ሆነ ድንጋዩ ጥቁር ሆነ የሚለው አነጋገር እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ትውፊቱ የሚጠቅሰው ሂዩ ፐርሲ ሲወለድ ስሙ ሂዩ ስሚዝሰን ነበር። በ1740 ኤሊዛቤት ሲሞርን አግብቶ በእርሷ በኩል የፐርሲን ርስትና ስም አገኘ፤ በ1750 የኖርዘምበርላንድ ኧርል ሆነ፤ ዱክ የተባለው ግን በ1766 ነው። (በዋሽንግተን በስሙ የሚጠራው ታላቅ ተቋም መሥራች ጄምስ ስሚዝሰን ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጁ ነው።) እንግዲህ ምስሉ በተሠራበት በ1758 «የኖርዘምበርላንድ ዱክ» የሚባለው ማዕርግ ለዚህ ሰው ገና አልተሰጠም። «የዱኩ አገልጋይ» የሚለው ቃል በአሁኑ አነጋገሩ ቢያንስ ከምስሉ ስምንት ዓመት በኋላ የተነገረ መሆን አለበት፤ «የመጀመሪያው ዱክ» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው ከተነሣ ከ1786 ወዲህ የሚመጣ አነጋገር ነው። ይህ ብቻውን ትውፊቱን ሐሰት አያሰኘውም፤ ሰዎች ያለፈውን ሰው በኋላ ባገኘው ማዕርግ መጥራታቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ቃሉ ምስሉ ሲሠራ የተጻፈ ምስክርነት እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የቦታ ነው። አገልጋዩ በእንግሊዝ አገር ይኖር ከነበረ፣ ፍሎሬንስ ያለው ቀራጺ እንዴት አድርጎ ፊቱን አየ? ሰውየው ከጌታው ጋር ወይም በጌታው ወዳጅ እጅ ወደ ጣልያን ሄዶ ይሆናል ማለት ይቻላል። ወይም የሸክላ ሞዴል ወይም ሥዕል ተልኮለት ይሆናል፤ ሆኖም በግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ያህል ነገር ከሥዕል ወስዶ እንዲህ በድንጋይ ማስፈር ከባድ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ለትውፊቱ የሚረዳ ነገር አለ። ኧርሉ በእነዚያው ዓመቶች ከጣልያን ብዙ ሥራ ያስመጣ ነበር። ለለንደን ቤቱ ታላቅ አዳራሽ የታላላቅ ሥዕሎችን ግልባጭ ለሮም ሠዓሊዎች አዝዞ አሠርቷል፤ ከእነዚህ አንዱ አንቶን ራፋኤል ሜንግስ በ1755 የጨረሰው የራፋኤል «የአቴና ትምህርት ቤት» ግልባጭ ሲሆን አሁን በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከፍሎሬንስ አንድ ጥቁር ምስል ቢገዛ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ምስሉ የቤቱን አገልጋይ ማሳየቱ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በትውፊቱ ውስጥ ተደባልቀው አንድ ሆነዋል።

ሦስተኛው ስሙ ራሱ ነው። ፕሲኬ በግሪክ ተረት የኤሮስ ሚስት፣ ነፍስን የምትወክል ሴት ናት። የእንግሊዝ ባለጸጎች በቤታቸው ላሉት ጥቁሮች የጥንት ስም ማውጣት ልማዳቸው ነበር፤ ፖምፔይ፣ ቄሣር፣ ስኪፒዮ የሚባሉ ብዙዎች ነበሩ። በብሪስቶል አጠገብ በሄንበሪ መቃብር ስኪፒዮ አፍሪካኑስ ተብሎ የተቀበረው በ1720 የሞተው ወጣት ምሳሌ ነው። ለጎበዝ አትሌት የሴት ስም ማውጣት ግን ከልማዱም ይወጣል። ፌዝ ይሆን፣ ወይስ ሌላ ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተለውጦ? ያም ሆነ ይህ፣ ስሙ የባለቤቱ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ስም ፕሲኬ እንዳልሆነ ያለ መዝገብ መናገር ይቻላል።

«አትሌት» የሚለውስ? በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ቦክሰኞችን ይደግፉ፣ በውድድራቸውም ገንዘብ ያስይዙ ነበር፤ የኩምበርላንድ ዱክ በጃክ ብሮተን ላይ ያደረገው ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከዘመኑ ጋር አይጋጭም። ነገር ግን በዚሁ በኖርዘምበርላንድ ቤት ታሪክ ውስጥ ስሙ በእርግጥ የሚታወቅ ሌላ ጥቁር ስፖርተኛ አለ። ቢል ሪችመንድ በ1763 በኒው ዮርክ ግዛት በስታተን ደሴት በባርነት ተወለደ። የዱኩ ልጅ ሎርድ ፐርሲ በአሜሪካ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሆኖ ሳለ ወጣቱን አግኝቶ በ1777 ወደ እንግሊዝ ወሰደው፤ በዮርክሽርም አስተማረው፤ የዕቃ እንጨት ሥራም ተማረ። በኋላ በመላ እንግሊዝ የታወቀ ቦክሰኛ ሆነ፤ በ1805 ከቶም ክሪብ ጋር ተጋጥሟል። ሎርድ ፐርሲ በ1786 ሁለተኛው ዱክ ሆነ። ምስሉ ሲፈረም ሪችመንድ ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ እርሱ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን በቤቱ ሠራተኞች ዘንድ «ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የኖርዘምበርላንድ ዱክ ሰው» የሚለው ትዝታ ከሪችመንድ ተነሥቶ ባለ ስም ወዳልሆነው አሮጌ ምስል መሻገሩ የማይቻል አይደለም። ይህ ግምት ነው፤ ከግምትነትም አያልፍም። ሆኖም የቤት ውስጥ ትዝታ ሰውንና ዕቃን፣ አባትንና ልጅን የማደባለቅ ልማድ እንዳለው የንብረት ዝርዝር የመረመረ ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ መደባለቅ ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። በኤክሰተር ከተማ ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የዘይት ሥዕል ቀይ ካፖርት የለበሰ ጥቁር ወጣት ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ሥዕሉ የሬይኖልድስ ሥራ፣ ሰውየውም የባርነት ታሪኩን በ1789 ያሳተመው ኦላውዳ ኤኪያኖ ነው ይባል ነበር፤ በብዙ መጽሐፍ ሽፋን ላይም በዚሁ ስም ታትሟል። ኋላ ሲመረመር ሠሪው አለን ራምዚ መሆኑ ታመነበት፤ ሰውየውም ምናልባት ኢግናሺየስ ሳንቾ ነው ተባለ። ልብሱና የአሠራሩ ዘመን ከኤኪያኖ ዕድሜ ጋር አልተስማማም ነበር። ሳንቾ ደግሞ በ1768 በቶማስ ጌንዝበሮ የተሣለ በእርግጥም የሚታወቅ ሥዕል ስላለው ፊትን ከፊት ጋር ማነጻጸር ተቻለ። ሬይኖልድስ ራሱ በ1770 ገደማ የሣለው የአንድ ጥቁር ወጣት ሥዕልም የሳሙኤል ጆንሰን አገልጋይ የፍራንሲስ ባርበር ነው ይባላል፤ ይህም ክርክር አለበት። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር፤ ስማቸው እስከ ዛሬ የደረሰው ግን እፍኝ አይሞሉም። ስም የሌለው ፊት በተገኘ ቁጥር ከዚህ እፍኝ ውስጥ አንዱ ይመዘዝና ይሰጠዋል። ሥራው የተደረገው ብዙ ጊዜ በበጎ ፈቃድ ነው፤ ውጤቱ ግን ሁለት ሰው ይጎዳል፤ አንደኛው የራሱን ስም ለሌላ ያበደረው፣ ሁለተኛው በተውሶ ስም የተሸፈነው።

በተለይ የኢትዮጵያ አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጥቁርን ሰው ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ይሉት ስለ ነበረ፣ ይህ አጠራር በአውሮፓ ጸሐፊዎችም ዘንድ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። ስለዚህ በአሮጌ የሐውልት ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» ወይም «ሙር» የሚል ቃል ሲገኝ የቆዳን ቀለም እንጂ የትውልድን አገር አያመለክትም። በግንባሩ ላይ ያለውም ጠባሳ የአገር ምልክት አይደለም፤ ሰውየው አንድ ቀን የቆሰለበት ቦታ ነው።

ጠባሳው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የሆነበት ምክንያት አለ። ሃርዉድ በሥራው ገልባጭ ነበርና፣ ይህም ምስል ከጥንት ሐውልት የተገለበጠ ወይም ከሐሳብ የተሠራ «ጥቁር ሰው» ብቻ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ከሐሳብ የሚሠራ ሰው ግን ግንባርን አያቆስልም። ጠባሳው ቀራጺው አንድን የተወሰነ ሰው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት እንደ ተመለከተ ያሳያል።

ቅርጹም የራሱን ይናገራል። ደረቱ ራቁት ሆኖ ከጡቱ በታች በክብ መስመር መቆረጡ የዘመኑ የገበያ ልማድ አይደለም፤ ጥንት ጀግኖችና ነገሥታት የሚቀረጹበት አኳኋን ነው። ልዩነቱን ለማየት በእንግሊዝ የንጉሣውያን ስብስብ ውስጥ ያለውንና በ1700 ገደማ ጆን ቫን ኖስት የሠራውን የጥቁር አገልጋይ ምስል ማሰብ ይበቃል። ያኛው ከልዩ ልዩ ቀለም እብነ በረድ የተገጣጠመ ነው፤ ልብሱ ያጌጠ ነው፤ በአንገቱ ላይ ግን ቁልፍ ያለበት ቀለበት ተቀርጿል። የሃርዉድ ሰው ቀለበት የለበትም፤ ጥምጥም የለበትም፤ የጆሮ ሎቲም የለውም። አገልጋይ መሆኑን የሚናገረው ትውፊቱ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ይህን ልብ ያላለ ተመልካች መግለጫውን አስቀድሞ ያነብና፣ ቀና ያለውን አንገት «ታማኝ አገልጋይ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ታዲያ ሃርዉድ ይህን ሰው የት አገኘው? መልሱን ከለንደን ይልቅ በቶስካና ውስጥ መፈለግ የተሻለ ይመስላል። የፍሎሬንስ ወደብ ሊቮርኖ ነበረች፤ የሃርዉድ ሥራዎችም ወደ እንግሊዝ የሚሻገሩት በመርከብ ነው። በሊቮርኖ ወደብ አጠገብ የታላቁ መስፍን የፈርዲናንዶ 1ኛ ሐውልት ቆሟል፤ በእግሩ ሥር ፒዬትሮ ታካ በ1620ዎቹ በነሐስ የሠራቸው በሰንሰለት የታሰሩ አራት ምርኮኞች አሉ። ታካ ሞዴሎቹን የመረጠው በከተማው የምርኮኞች ማጎሪያ ካሉት ሰዎች ነው ይባላል። ሊቮርኖ ከሰሜን አፍሪካና ከምሥራቅ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ መርከበኞችና ምርኮኞች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። በ1758 በቶስካና አንድ አፍሪካዊ ማግኘት ለአንድ ቀራጺ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። ከእንግሊዝ የመጣ መንገደኛ አገልጋይም ሊሆን ይችላል፤ የወደብ ሠራተኛም፣ በአካዳሚው የቁም ሞዴል ሆኖ የሚቀመጥ ሰውም ሊሆን ይችላል። ለአካዳሚ ሞዴልነት የሚመረጠው ደግሞ ሰውነቱ እንደ አትሌት የዳበረ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚደግፍ አንድ ነገር አለ። ምስሉ ብቻውን አይደለም። በኒው ሄቨን ከተማ በዬል የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይህን የሚመስል ሁለተኛ ምስል፣ ከጥቁር ድንጋይ፣ በቢጫ የሲዬና እብነ በረድ እግር ላይ የቆመ አለ። የአንድ ቤት አገልጋይ ምስል ለአንድ ቤት አንድ ይበቃ ነበር። በእርግጥ ከአንድ በላይ መሠራት ብቻውን አያስረዳም፤ ሉዊ ፍራንሷ ሩቢሊያክ የባለ ቅኔውን የአሌክሳንደር ፖፕን ራስ በእብነ በረድ ደጋግሞ ቀርጿል፤ ምክንያቱም ፖፕን የማያውቅ እንግሊዛዊ አልነበረም። የኧርሉን አገልጋይ ግን ማን ያውቀዋል? ሁለተኛውን የገዛው ሰው የገዛው የድንጋዩን ውበትና የቅርጹን ግርማ ነው ማለት ይቀላል። እንዲህ ከሆነ ምስሉ የተሠራው ከሥራ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ገዢ እንዲጠብቅ ነው፤ ኖርዘምበርላንድም ከገዢዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል ለፕሲኬ የቀረው በር ፈጽሞ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በኧርሉ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ለሃርዉድ የተከፈለ ገንዘብ፣ ወይም በቤቱ የደሞዝ ዝርዝር ውስጥ ከ1758 በፊት የተጻፈ ያ ስም ቢገኝ፣ ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ መታረም ይኖርበታል። ከሊቮርኖ የተጫኑ ሣጥኖች ዝርዝርም ሆነ የሆራስ ማን ደብዳቤዎች ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የተመቹ ናቸው። ሁለቱንም ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ጠባሳቸውን በሚሊ ሜትር መለካትም የትኛው ቀድሞ ከሰውየው ፊት፣ የትኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ድንጋይ እንደ ተወሰደ ሊያሳይ ይችላል፤ ግልባጭ ሠሪ ጠጉርን በታማኝነት ይገለብጣል፤ ቁስልን ግን ብዙ ጊዜ ያለሰልሰዋል።

የጌቲ ቤተ መዘክር ምስሉን በ1988 ገዝቷል። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ርእስ «የአንድ ወንድ ምስል» የሚል ሲሆን፣ ፕሲኬ የሚለው ስም ከትውፊት ጋር እንጂ ከርእሱ ጋር አልተጻፈም።